ኮፈኑ አይቆረጥም

በባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ አፉ ክፍት በሆነ ድስት የተጣደ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ሻይ የሚያፈላ ሰው ይህን ልዩነት ልብ አይለውም። 240 ሜትር ከፍታ ባላት ቱሪን ተነድፎ ጣና ዳር ለሚነዳ አሮጌ የስፖርት መኪና ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው 82 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ቱሪን ላይ ከዚያ እስከ መፍላት 17 ዲግሪ ያህል ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ የሚቀረው 12 ብቻ ነው።

መኪናው ሲፈላ ባለቤቱ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር «ትልቅ ራዲያተር ግጠምበት» የሚል ነው። ትልቁ ራዲያተር ተፈልጎ ይገኛል፣ ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ ኮፈኑ አልዘጋ ይላል። ሁለተኛው ምክር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፦ «ኮፈኑን ቁረጠው።» ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ሁለተኛውን ምክር ለመቃወም ነው።

ጠፍጣፋው ኮፈን

ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ጋራዥ፣ ተራ በሚጠብቁ ባጃጆችና በአንድ አይሱዙ መካከል፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ቀይ ፊያት 124 ስፓይደር ቆሟል። ይህ በፒኒንፋሪና የተነደፈ መኪና ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ 1,438 ሲሲ ሞተር የያዙና ኮፈናቸው ጠፍጣፋ ነበሩ። የዚህኛውም ጠፍጣፋ ነው። የአሁኑ ባለቤት ከአባቱ የወረሰው ነው።

ኮፈኑ ሲነሳ በውስጠኛው ላሜራ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የሚያበራባቸው ሁለት ቦታዎች ይታያሉ። አንዱ ከራዲያተሩ ክዳን ትይዩ ነው፤ ሌላው ከላይኛው ታንክ ግራ ጥግ።

«ከዲኤክስ የወጣ ራዲያተር ነው ያስገጠምኩት፣ ጋሼ» ይላል ባለቤቱ። «የድሮው ያንጠባጥብ ነበር። አሁን አያንጠባጥብም፤ ግን ኮፈኑ በኃይል ካልተጫኑት አይዘጋም። ባትላሜራው እንቁረጠውና ጉብታ እናውጣለት አለኝ።»

አዛውንቱ መካኒክ ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ቦታ በጣታቸው ይዳስሳሉ። «የድሮውን ምን አደረግኸው?»

«ቤት አለ።»

«እሰይ፣ ልጄ። እንዳትሸጠው። ለመሆኑ የሚፈላብህ ስትቆም ነው ስትሄድ?»

ይህ ጥያቄ የሙያው ግማሽ ነው። መኪናው መብራት ላይ ወይም ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የሚፈላ ከሆነና መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ፣ የሚጎድለው አየር ነው። ቬንቲላተሩ ደክሟል፣ ቺንጊያው ላልቷል፣ ወይም በቬንቲላተሩና በራዲያተሩ መካከል አየሩን የሚሰበስበው መከለያ የለም። ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚፈላ ከሆነ ደግሞ የሚጎድለው የውሃ ዝውውር ነው። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ተደፍነዋል፣ የውሃ ፓምፑ ተበልቷል፣ ወይም ቴርሞስታቱ በሙሉ አይከፈትም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በክዳኑ በኩል ያለማቋረጥ የአየር አረፋ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ከራዲያተሩ አልፎ ጓርኒሲዮን ደርሷል ማለት ነው። የፊያቱ ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ደግሞ የብረት ቀልጥ ነው። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ስለማይሰፉ፣ አንድ ከባድ መፍላት ቴስታታውን ለማጣመም ይበቃል።

ባለቤቱ «ስቆም» ሲል ይመልሳል። ስለዚህ ትልቁ ራዲያተር ለኮፈኑ ችግር አመጣ እንጂ የመኪናውን ሕመም አልነካውም።

ከፍታና ደለል

ጣና ዳር አየሩም ስስ ነው። በዚህ ከፍታ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከባሕር ጠለል አየር 16 በመቶ ያህል ይቀልላል፤ ራዲያተሩን እየነካ ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። የክዳኑ ጤንነት እዚህ ከሌላው ቦታ በላይ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ባሕር ዳር ላይ መፍላትን ከ94 ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ጌጥ ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ይህን ክዳን ሳይቀይሩ ራዲያተር የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥንቃቄው ግን ለአሮጌ ራዲያተር ከተሠራበት በላይ ግፊት አለመስጠት ነው፤ የሳሳ ብየዳ ከነበረበት ይከፈታል።

ሁለተኛው የአካባቢው ጉዳይ ውሃው ነው። ጣና ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሰፊ ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ደለል ይዘውለት ይገባሉ። ከሐይቁ ወይም ከወንዙ በጀሪካን ቀድቶ ራዲያተር የሚሞላ ሰው ደለሉንም አብሮ ይሞላል። ደለሉ ከታችኛው ታንክ ይተኛል፤ በውሃ ውስጥ የሟሟው ማዕድን ደግሞ ቱቦዎቹን ከውስጥ ያለብሳቸዋል። በባሕር ዳር ውሃ በረዶ ስለማይሆን ብዙዎች ኩላንት አያስፈልገንም ይላሉ። እዚህ የኩላንት ዋና ጥቅሙ ግን ዝገትን መከላከሉ ነው። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ናስና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ ይህን የሚያግደው በኩላንቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ከተጣራ የባትሪ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሚጨመር ኩላንት ለአሮጌ መኪና የዓመታት ዕድሜ ነው።

ሊጥ የሚናገረው ልክ

መካኒኩ መዶሻም መቁረጫም አላነሱም። ረዳታቸውን ሊጥ ላኩት። ሊጡ በትንንሹ ተድቦልቡሎ በፌስታል ተጠቀለለና ከክዳኑ አናት፣ ከታንኩ ሁለት ጥጎች፣ ከአየር ማጣሪያውና ከባትሪው ላይ ተቀመጠ። ኮፈኑ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ተጫኑት፣ ተነሳ። አሁን እያንዳንዱ ሊጥ በላዩ የተረፈውን ክፍተት ልክ ይዟል። ክዳኑ ላይ የነበረው እንደ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአየር ማጣሪያው ላይ ያለው ግን ወፍራም ነው።

ይህ ሙከራ ግምትን ያስቀራል። «ኮፈኑ ይነካል» የሚለው አቤቱታ «ክዳኑ ላይ ይህን ያህል፣ ግራ ጥግ ላይ ያን ያህል ይጎድላል» ወደሚል ልክ ይለወጣል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ ሊጡ የሚለካው ቆሞ ያለ መኪናን ነው። መኪናው ሲነዳ ሞተሩ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ይወዛወዛል፣ ጉድጓድ ላይ ራዲያተሩ ይነጥራል፣ ኮፈኑ ራሱ በንፋስ ይርገበገባል። ስለዚህ በራዲያተሩና በኮፈኑ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ በቬንቲላተሩና በራዲያተሩ መካከልም እንዲሁ።

ከልክ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ጥፋቱ በእርግጥ የራዲያተሩ መሆን አለመሆኑ ነው። የስልሳ ዓመት መኪና ተጋጭቶ ያውቃል፤ አፍንጫው ሊጣመም ይችላል። በሲባጎ ከግራ ማጠፊያ እስከ ቀኝ የፊት ጥግ፣ ከቀኝ ማጠፊያ እስከ ግራ ጥግ ይለካል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሥራው የባትላሜራ እንጂ የራዲያተር አይደለም። ኮፈኑ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ጎማዎች ደርቀው ወድቀው ከሆነ ኮፈኑ ከልኩ በታች ይቀመጣል፤ አዲስ ጎማ ብቻውን ጥቂት ሚሊሜትር ይመልሳል። የማጠፊያዎቹ ቀዳዳዎች ሞላላ ስለሆኑ ቡሎኖቹ ተላልተው ኮፈኑ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ሊገፋ ይችላል። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ከሟሸሹ ሞተሩ ጋድሎ ቬንቲላተሩን ወደ ራዲያተሩ ያስጠጋል። እነዚህ ሁሉ ሳይቆርጡ የሚደረጉ ናቸው።

አንዳንዶች ኮፈኑን ከኋላ በሮንዴላ ከፍ አድርገው ሙቀቱ እንዲወጣ ይላሉ። መኪናው ሲቆም ይህ ይረዳ ይሆናል። ሲነዳ ግን ከመስታወቱ ሥር ያለው አየር ይታመቃል፤ ስለዚህ በክፍተቱ በኩል አየር ይገባል እንጂ አይወጣም። ከራዲያተሩ ጀርባ ግፊቱ ሲጨምር ከፊት የሚመጣው አየር ይዳከማል።

ፋብሪካዎቹም የተፈተኑበት

ዝቅ ያለ ኮፈንና ረጅም ሞተር የሚጣሉት በመንደር ጋራዥ ብቻ አይደለም። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው 300 ኤስኤል ሞተሩን 50 ዲግሪ ወደ ጎን አጋድሞ ነው ከኮፈኑ ሥር ያስገባው። የእንግሊዙ ኤምጂ እ.ኤ.አ. በ1967 በኤምጂቢ አካል ውስጥ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከትቶ ኤምጂሲን ሲሠራ፣ ራዲያተሩ ወደ ፊት ስለተገፋ ኮፈኑ ላይ ሰፊ ጉብታ፣ ለካርቡራተሩም ሌላ ትንሽ ጉብታ ማውጣት ግድ ሆነበት። ፊያትም ስፓይደሩ ላይ ከፍ ያለውን 1,608 ሲሲ ሞተር ሲገጥም ጠፍጣፋውን ኮፈን ትቶ ሁለት ጉብታ ያለው አደረገው።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው ግን የፊያት 600 ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ በታክሲነት የሚታወሰው ሰይቼንቶ ሞተሩም ራዲያተሩም ከኋላ ናቸው። ካርሎ አባርት ይህችን ትንሽ መኪና ወደ እሽቅድምድም መኪና ሲለውጣት ሙቀቱ ከኋላው ክዳን ሥር አልበቃ አለ። መፍትሔው የሚታይ ሆነ፦ ራዲያተር ወደ ፊት መከላከያው ተወሰደ፣ የሞተሩ ክዳንም በብረት ድጋፍ ወደ ላይ ተከፍቶ ቀረ። መኪኖቹ እንዲሁ ክዳናቸውን ገልጠው ተወዳደሩ፤ የተከፈተው ክዳን የአባርት መለያ ሆኖም ቀረ። ይህ ላሜራ ሳይቆረጥ የተገኘ መላ ነው።

ፋብሪካ ጉብታ ሲያወጣ በአዲስ ቅርጽ፣ በአዲስ ማተሚያ፣ ውስጡን በሚይዝ የብረት አጥንት ነው። በጋራዥ የሚቆረጥ ኮፈን ያ አጥንት ይቆረጥበታል። ከዚያ በስቱኮ ይሸፈናል፤ ስቱኮው በሞተር ሙቀትና በክረምት እርጥበት ይሰነጠቃል፤ ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል። ለ124 ስፓይደር ሌላ ጠፍጣፋ ኮፈን ከባሕር ዳር ሱቅ አይገዛም።

ሥራው ራዲያተሩ ላይ ነው

መካኒኩ የመረጡት መንገድ የድሮውን የናስ ራዲያተር ማስመጣት ነበር። ምክንያታቸውን ለመረዳት የራዲያተርን አካል ማየት ያስፈልጋል። መሃሉ ላይ ውሃ የሚያልፍባቸው ጠፍጣፋ ቱቦዎችና በመካከላቸው የተደረደሩ ስስ የመዳብ ቅጠሎች አሉ፤ የሚያበርደው ይህ ክፍል ነው። ከላይና ከታች ያሉት ታንኮች ውሃውን ይሰበስባሉ፣ ያከፋፍላሉ እንጂ እምብዛም አያበርዱም። ስለዚህ ከኮፈኑ ጋር የሚጋጨው የላይኛው ታንክ ከሆነ፣ ታንኩን ዝቅ አድርጎ እንደገና መሥራት የማብረድ አቅሙን ብዙም አይቀንሰውም። በጣም ዝቅ ባሉ የስፖርት መኪኖች ላይ ታንኮቹ ከላይና ከታች መሆናቸው ቀርቶ በግራና በቀኝ የተደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ራዲያተሩን ማጋደልም ይቻላል፤ ግን ስሌቱ ያታልላል። 45 ሴንቲሜትር ቁመትና 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ራዲያተር 30 ዲግሪ ቢጋደል 6 ሴንቲሜትር የሚገኝ ይመስላል። ውፍረቱ ግን 2.5 ሴንቲሜትሩን መልሶ ስለሚወስድ ትርፉ 3.5 ብቻ ነው። ወደ ታች ማውረድም ገደብ አለው፤ ታችኛው ታንክ ከሻንሲው በታች ከወጣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስድ የጠጠር መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ይበሳዋል።

የናስ ታንክ የሚፈታው በእሳት ነው። ታንኩና መሃሉ የተያያዙበት ቆርቆሮና እርሳስ ድብልቅ ከ200 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ ይቀልጣል፤ ናሱ ራሱ እንዲቀልጥ ግን ከ900 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ይህ ሰፊ ልዩነት የእጅ ባለሙያውን ነጻ ያደርገዋል፤ ዕቃውን ሳይጎዳ መፍታት፣ መጥረግ፣ ማሳጠር፣ ማያያዝ ይችላል። ታንኩ ከተፈታ በኋላ ቱቦዎቹ በስስ የብረት ዘንግ አንድ በአንድ ይጠረጋሉ፤ የዓመታት ደለልና ዝገት ይወጣል። ራዲያተሩ ከኮፈኑ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ታንኩ ከጎኑ ተቆርጦ ያጥራል፤ የመሙያው አንገት ከላይ ተነስቶ ይደፈናል። ቆርቆሮው እንዲይዝ ናሱ በአሲድ ይጸዳል፣ ከዚያ ብየዳው ይፈስበታል። በመጨረሻ አፉ ሁሉ ተደፍኖ አየር ይሞላና፣ ጎሚስታ ካላማዳሪያ እንደሚፈትሽ፣ በውሃ በርሜል ውስጥ ይጠልቃል። አረፋ የወጣበት እንደገና ይበየዳል።

አንገቱ ከተነሳ ውሃው በየት ይሞላል? እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። የመሙያው ክዳን ከመላው የውሃ መስመር ከፍተኛው ቦታ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከቴስታታው ውስጥ አየር ይታሰርና ውሃ ሙሉ እየመሰለ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ከራዲያተሩ በላይ፣ ኮፈኑ ከፍ በሚልበት በኋላ በኩል፣ አንዲት ትንሽ የናስ ታንክ ትሠራለች። ግፊት ያለው ክዳን በእሷ ላይ ይገጠማል፤ አየሩም ወደ እሷ ይሰበሰባል።

የቆሞ መፍላቱ ደግሞ የራሱ መድኃኒት ነበረው። ከላሜራ የተሠራ መከለያ በቬንቲላተሩ ዙሪያ ገባ፤ ቺንጊያው ተቀየረ። በራዲያተሩ አናትና በኮፈኑ መካከል የተገኘውም ክፍተት ዝም ብሎ አልተተወም። አየር ሁልጊዜ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል፤ ክፍተት ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በላዩ ይሾልካል። ስለዚህ በዳር በዳሩ ለስላሳ ጎማ ተለጠፈበት። ኮፈኑ ሲዘጋ ጎማው ይታመቃል፣ ናሱ ግን አይነካም።

ኮፈኑ ተዘጋ፤ በእጅ ክብደት ብቻ። የተፋቁት ሁለት ቦታዎች ቀለም ተቀቡ። ሌላ ምንም አልተነካም።

ሙያው እንዳይሞት

እንዲህ ያለ ጥገና እውነተኛ ፈተናው ደጀን ላይ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሸለቆው ሞቃት ነው፤ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚወጣ ሞተሩ በኃይል ይሠራል፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። ከታች ከድልድዩ አጠገብ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላ የነበረ ክፍት ውሃ፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ 92 አካባቢ ይፈላል። መኪናው እየሞቀ በሄደ ቁጥር የመፍላቱ ነጥብ ወደ ታች ይመጣበታል። በዚህ ዳገት ያልፈላ ራዲያተር በደንብ ተሠርቷል።

ባሕር ዳር ለእንዲህ ያለ ሥራ ባዕድ አይደለችም። በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ብረት የሚያቀልጡ፣ ማሽን የሚፈቱ፣ በእጃቸው የሚያስቡ ቴክኒሻኖችን አፍርቷል። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ነገር ግን ናስ የሚበይድ ባለሙያ ሥራው እየሳሳበት ነው። አዳዲሶቹ ራዲያተሮች መሃላቸው አሉሚኒየም፣ ታንካቸው ፕላስቲክ ነው፤ ሲሰነጠቁ አውጥቶ መጣል እንጂ መበየድ የለም። የድሮዎቹ የናስ ራዲያተሮች ደግሞ በኪሎ ተመዝነው ለቁራሌው ይሸጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ይህ ማለት በመንገዳችን ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች፣ ላዳዎቹ፣ ፊያቶቹ፣ ፔዦዎቹ፣ ዲኤክሶቹ፣ ከእንግዲህ የሚኖሩት በጥገና ነው። የላዳ የመጀመሪያ ሞዴል ራሱ ከፊያት 124 የተወለደ ስለሆነ፣ ለስፓይደሩ የተሠራው ጥበብ ነገ ለአንድ የቤተሰብ ላዳም ያገለግላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የናስ ራዲያተር ሥራን በትምህርታቸው ይክተቱት፤ የሚያውቁትን አዛውንቶች አሁኑኑ፣ እጃቸው ሳይዝል፣ አስተማሪ ያድርጓቸው። ሲያስተምሩም ደኅንነቱን አብረው ያስተምሩ። የእርሳስ ጭስና አቧራ ደም ውስጥ ገብቶ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ ይከፋል። ብየዳው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስ፤ የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይሂድ። የመኪና ባለቤቶች ደግሞ ከመኪናቸው የወጣውን የመጀመሪያ ራዲያተር፣ ቢያንጠባጥብም፣ ያስቀምጡት። የሚጠግን እጅ እስካለ ድረስ ያ ናስ ዋጋው ከኪሎው በላይ ነው፤ እጁ እንዲኖር ግን ዛሬ ሥራ ሊሰጡትና ተማሪ ሊልኩለት ይገባል።